ሁለት ካርድ፣ አንድ ጉበት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በወሩ መጨረሻ እሑድ ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጬ የቁጠባ ደብተር ስሰበስብ ነው። «ደረሰኙ የታለ?»፣ «ይቺ 50 ብር የማን ናት?» እያልኩ የማስቸግራችሁ እኔ ነኝ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያለኝ የአካውንቲንግ ዲፕሎማ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የጤና ኮሚቴያችን «በዘንድሮው ጉባኤ አንቺ ተናገሪ» ሲለኝ ሳትገረሙ አልቀራችሁም። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት። ያስጨነቀኝ ሰው ፊት መቆሙ አልነበረም። የምናገረው ነገር እዚሁ ማኅበር ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ ስደብቀው የኖርኩት መሆኑ ነው።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከ20 ዓመቴ ጀምሮ መድኃኒት እወስዳለሁ።

ይኸው፣ ተናገርኩት። ከሦስት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም ሰሞን እዚሁ አዳራሽ ወድቄ የተነሣሁ ጊዜ «ጾሙ አድክሞኝ ነው» ብያችሁ ነበር። ጾሙ አልነበረም። ያን ቀን ነጠላችሁን አንጥፋችሁ በጎኔ ያስተኛችሁኝን ዛሬ በሰው ፊት አመሰግናለሁ። ክብሪት ጭራ ያሸተተችኝንም እናት አመሰግናለሁ፤ ክብሪቱ ግን ምንም እንደማይረባ በዚሁ አጋጣሚ ልንገራት። የሚጠቅመው በጎን ማስተኛት፣ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት ነው። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

እንደኔ ያለ ሰው ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው መካከል 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። እኛ አባላቱ ከነልጆቻችንና ከነቤተሰባችን ብንቆጠር ከ1,000 እንበልጣለን። ሂሳቡን ለእናንተ እተወዋለሁ። ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ መድኃኒቱ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጉበታችን ውስጥ ገብቶ ሌላውን መድኃኒት እንዴት እንደሚያዳክምብን ነው የምነግራችሁ። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የተማርኩት በክንዴ ነው።

የሁለቱ ካርዶች ታሪክ

መጀመሪያ የተሰጠኝ ፊኖባርቢታል ነበር። ይህ መድኃኒት ለዚህ በሽታ መሰጠት ከጀመረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ሕሙማኑ ሌሊት እንዲተኙ ብሎ ሰጣቸውና፣ የሚጥላቸው ጊዜ መቀነሱን አስተዋለ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ በቀን አንዴ ቢወሰድ ይበቃል፤ በአገራችን እስከ ዛሬ ብዙ ሕመምተኛ በእሱ ይኖራል። እኔን ግን እንቅልፍ እንቅልፍ እያሰኘኝ ሌጀሩ ላይ ማንጎላጀት ጀመርኩ። ከሥራ ሊያስወጣኝ ሲል ሐኪሜ ወደ ካርባማዜፒን ቀየረልኝ። አንዳንዶቻችሁ ቴግሬቶል በሚለው ስሙ ታውቁት ይሆናል።

ከዚያ አገባሁ፤ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ልጁ ዓመት ሲሞላው፣ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ላስደርግ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጥሩ ልጅ ነበረች። ክብደቴን መዘነች፣ የደም ግፊቴን ለካች፤ ከዚያ ካርዴ ላይ እየጻፈች «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አልረሳሁትም። ከመጋረጃው ወዲያ ወረፋ የያዙት የሰፈሬ ሴቶች ነበሩ። ባለቤቴ ሕመሜን ያውቃል፤ ቤተሰቡ ግን አያውቅም። ከመጋረጃው ማዶ የተሰማ ነገር ደግሞ እኔ ቤቴ ሳልደርስ እዚያ እንደሚደርስ አውቃለሁ። እና «የለም» አልኩ።

የሚጥል በሽታ ክትትል የማደርገው ሌላ ቦታ ነበር፤ ሌላ ካርድ፣ ሌላ ቀጠሮ። እዚያ ስለ ወሊድ መከላከያ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሣሁም። ምን አገናኛቸው ብዬ? አንዱ የጭንቅላት ጉዳይ ነው፣ ሌላው የማሕፀን።

ከ14 ወር በኋላ የወር አበባዬ ቀረ። ተመረመርኩ፤ አርግዣለሁ። ክንዴን ስዳብስ ቀጭኗ ነገር እንደተቀበረች አለች። ባለቤቴም ዳሰሳትና «ይኸው አለች አይደል እንዴ? ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ የሠራሁት ስሕተት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። «ይህ መድኃኒት ሆዴ ውስጥ ያለውን ልጅ ይጎዳብኛል» ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ካርባማዜፒኑን አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ሽሮ እያንተከተክሁ ሳለ ጣለኝ። ትልቁ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሱ ተረፈ፤ እኔ ቀኝ እጄ ተቃጠለ። ይህን ጠባሳ አይታችሁ ስትጠይቁኝ «ዘይት ፈንጥቆብኝ ነው» ብያችኋለሁ። እሱም ውሸት ነበር።

በነጋታው እጄን ጠቅልዬ ወደ ክትትሌ ሄድኩ። ዕለቱን ያገኘኋት ሐኪም አዲስ ነበረች። ስለ እርግዝናው ስነግራት «ምን ዓይነት መከላከያ ነበር የምትጠቀሚው?» አለችኝ። ከቦርሳዬ የጤና ጣቢያውን ካርድ አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ አንዱን አነበበች፣ ሌላውን አነበበች። ከዚያ አንዱ ላይ «ካርባማዜፒን» የሚለውን፣ ሌላው ላይ ደግሞ «ሌላ መድኃኒት፦ የለም» የሚለውን በጣቷ ነካችው።

እህቶቼ፣ እኔ በየወሩ የማኅበራችንን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር አስታርቃለሁ። በአንዱ ገብቶ በሌላው ያልገባ አንድ ብር እንኳ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም። በራሴ ሰውነት ላይ ግን ሁለት መዝገብ ከፍቼ፣ ሳላስታርቃቸው ከአንድ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ።

ቡና ለቃሚዎቹ

ሐኪሟ ያስረዳችኝን እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። ከመካከላችን ቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ የሠራችሁ ብዙ ናችሁ። አንድ መጋዘን ውስጥ 10 ለቃሚዎች አሉ እንበል፤ በቀን የሚመጣላቸውን ጆንያ ለቅመው ይጨርሳሉ። ጉበታችንም እንደዚያ መጋዘን ነው። ወደ ሰውነታችን የገባውን መድኃኒት እየሰባበሩ እንዲወገድ የሚያዘጋጁ፣ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉት። ሐኪሞቹ ዋነኛውን የኢንዛይም ቤተሰብ ሳይቶክሮም ፒ450 ይሉታል። ዛሬ የዋጥነውን ኪኒን ነገም መድገም የሚያስፈልገን እነዚህ ሠራተኞች ሲለቅሙት ስለሚያድሩ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ሥራ በየቀኑ ቢበዛ አለቃው ምን ያደርጋል? ሰው ይቀጥራል። 10 የነበሩት 20 ይሆናሉ። ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበታችንን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በየቀኑ ሲገቡ ጉበት ተጨማሪ ኢንዛይም ያመርታል። ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ይህን በእንስሳት ላይ አይተውታል። ፊኖባርቢታል ደጋግመው የሰጧቸው እንስሳት ጉበታቸው ተልቆ ተገኘ፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲሰጣቸውም ቶሎ ይነቁ ጀመር። መድኃኒቱን የሚለቅመው ሠራተኛ በዝቶ ነበራ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲሶቹ ለቃሚዎች የተቀጠሩት በካርባማዜፒን ሰበብ ቢሆንም፣ «እኛ የምንለቅመው የእሱን ጆንያ ብቻ ነው» አይሉም። ጠረጴዛቸው ላይ የመጣውን ብዙውን ነገር ይለቅማሉ። የወሊድ መከላከያው ሆርሞን ሲመጣ ይለቅሙታል። ለሌላ በሽታ የምንወስደው መድኃኒት ሲመጣም ይለቅሙታል። እኛ ዋጥን፣ ተቀበረልን ብለን እንተኛለን፤ ደማችን ውስጥ የሚቀረው ግን ከሚያስፈልገው በታች ነው።

ደግሞም ሥራው ሲቀንስ ለቃሚዎቹ በማግስቱ አይሰናበቱም። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ቢቆም እንኳ ጉበት ወደ ድሮው ለመመለስ እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ትቻለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኑን ብቻ ብውጥ ይበቃኛል» የምትል ሴት በዚያ አንድ ወር ውስጥ ልትሳሳት ትችላለች።

«መድኃኒቱ ለመደኝ»

ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ካርባማዜፒን የጀመርኩ ሰሞን ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ አንዱ ቁጥር ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ከዚህ የባሰ ምን አለ? በሦስተኛው ሳምንት ማዞሩ ለቀቀኝና ደስ አለኝ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ጣለኝ። እናቴ «መድኃኒቱ ለመደሽ» አለች። እኔ ደግሞ «የተበላሸ መድኃኒት ሸጠውልኝ ነው» ብዬ መድኃኒት ቤቱን አማሁ። መድኃኒት ቤቱ ምንም አላጠፋም ነበር። እናቴ ናት ወደ እውነቱ የቀረበችው።

ካርባማዜፒን የገዛ ራሱን ለቃሚዎች የሚያስቀጥር መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ሲወሰድ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ25 እስከ 65 ሰዓት ይፈጅበታል። ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ ግን ግማሹ በ12 እና በ17 ሰዓት መካከል ያልቃል። በብር ላስረዳችሁ። ጠዋት 100 ብር ይዛችሁ ብትወጡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በማግስቱ ጠዋት 50 ብሩ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን ያው 100 ብር ማታውኑ 50 ይሆናል፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ 25። ገቢያችሁ አልተቀነሰም፤ ወጪው ነው የጨመረው።

ሐኪሞች ይህን መድኃኒት በትንሹ ጀምረው ቀስ እያሉ የሚያሳድጉት፣ በቀንም ተከፋፍሎ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ለመደኝ» ስትሉ መድኃኒቱ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሂሳቡ እንደገና ይሠራ ማለት ነው። ሂሳቡን የሚሠራው ግን ሐኪሙ ነው። በራሳችሁ ጨምራችሁ አትዋጡ፤ በራሳችሁም አታቁሙ። ጸበል የምትጠመቁ እህቶችም ብትሆኑ ተጠመቁ፣ ኪኒናችሁን ግን ሳታቋርጡ ዋጡ። በድንገት ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ጠባሳዬን አይታችኋል።

ክንዱ፣ ኪኒኑ፣ መርፌውና ሉፑ

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ «እኔስ?» እያላችሁ ነው። ልዘርዝረው።

ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን የምትወስድ ሴት በየቀኑ በሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ላይ መተማመን የለባትም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ይዳከማል፤ በየቀኑ ወደ ደም የሚለቀው ሆርሞን እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ለቃሚዎቹ ሲበዙ የሚተርፈው አይበቃም።

በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ፣ ዴፖ የምንለው፣ በአንድ ጊዜ 150 ሚሊግራም ስለሚሰጥ ለቃሚዎቹ ቢበዙም የሚበቃው ይቀራል። ከመዳብ የተሠራው ሉፕ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ማሕፀን ውስጥ ነው፤ በጉበት በኩል ስለማያልፍ ለቃሚዎቹ አያገኙትም። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያም እነዚህን መድኃኒቶች ለሚወስዱ ሴቶች ዴፖንና ሉፕን ያለ ገደብ ይፈቅዳል። ሆኖም ዴፖ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን ሊያሳሳ ይችላል፤ እነዚህ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ቫይታሚን ዲን ቶሎ ስለሚያስጨርሱ አጥንትን ይጎዳሉ። ስለዚህ መርፌውን የምትመርጡ ስለ አጥንታችሁም ጠይቁ።

አሁን ክንዳችሁ ውስጥ ያለባችሁ አትደንግጡ፤ አውጡልኝ ብላችሁም በጥድፊያ አትሂዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱና ተናገሩ። እስከዚያው በኮንዶም ተጠንቀቁ። በድንገት የሚወሰደው የድኅረ ግንኙነት ኪኒንም በእነዚህ መድኃኒቶች ይዳከማል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ለባለሙያው ንገሩት። በአምስት ቀን ውስጥ ከደረሳችሁ የመዳቡ ሉፕ ከኪኒኑ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ እባካችሁ ይህን ሳትሰሙ አትሂዱ። «እንግዲያውስ ለቃሚ የማያስቀጥረው መድኃኒት ይቀየርልኝ» የምትል ትኖራለች። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ለቃሚ አያስቀጥርም፤ እንዲያውም ለቃሚዎቹን ያዘገያል። የወሊድ መከላከያን አያዳክምም። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከሚወለዱት 100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይኖርባቸዋል፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ ለመናገር፣ ለመራመድ ወይም ለመማር ሊዘገዩ ይችላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ የሚመክረው ለዚህ ነው። አሁን እየወሰዳችሁት ያላችሁ ግን ዛሬ ማታ እንዳታቆሙት፤ ይልቅ ቀጠሯችሁን ሳትጠብቁ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ሌሎችም አሉ። ሌቬቲራሴታም እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ላሞትሪጅን ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል፤ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ደም ውስጥ ያለውን ላሞትሪጅን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። እዚያ የሚጎዳው መከላከያው ሳይሆን የሚጥል በሽታው ሕክምና ነው። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚኬድበት ልብ በሉ።

መውለድ የምትፈልጉም ውለዱ፤ ይህ በሽታ መውለድን አይከለክልም። ነገር ግን ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ ፎሊክ አሲድ የሚጀመረው ከእርግዝና በፊት ነው። የምትወልዱትም ጤና ተቋም ውስጥ ይሁን። ጉበትን የሚያነቃቁት መድኃኒቶች የጨቅላውን ቫይታሚን ኬ ሊቀንሱና ደም መፍሰስ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ሕፃኑ እንደተወለደ መርፌውን ማግኘት አለበት። የእኔ ልጅ አግኝታለች። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተወለደች፤ ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው።

ሁለት ምሥጢር ያላት ሴት

እስካሁን የተናገርኩት የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ብቻ የሚመለከት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ለቃሚ የሚያስቀጥሩ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ከሁሉም ኃይለኛው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ነው። ለስድስት ወር ሕክምናውን የምትከታተል ሴት ኪኒኑም በክንድ የሚቀበረውም ሊከዳት ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አብራ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ይናጋባታል፤ የሳንባ ሕክምናው ሲያልቅ እንደገና ሌላ ሂሳብ ይመጣል፣ ለቃሚዎቹ ሲሰናበቱ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ይችላልና። ስለዚህ ሕክምናው ሲጀመርም ሲያልቅም ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚወስደውን ዶሉቴግራቪርን ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፊኖባርቢታል ይቀንሱታል። መድኃኒቱ ከቀነሰ ቫይረሱ ሊያንሠራራ ይችላል። ሐኪሙ ካወቀ መፍትሔ አለው፤ አንዱን መድኃኒት ይቀይራል ወይም መጠኑን ያስተካክላል። ካላወቀ ግን ሴትየዋ አንድም ቀን ሳትዘል ውጣ ትታመማለች፤ «አልዋጥሽም» ተብላም ትወቀሳለች።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የዚህች ሴት ነገር ነው። አንዱን በሽታ ከአንደኛው ክሊኒክ ትደብቃለች፣ ሌላውን ከሌላኛው። እኔ አንድ ምሥጢር ይዤ እዚህ ደረስኩ። ሁለት ምሥጢር የያዘችስ? ጉበቷ ግን ምሥጢር አያውቅም። በየትኛውም በር ቢገባ፣ የትኛውም ካርድ ላይ ቢጻፍ፣ ሁሉም መድኃኒት የሚገናኘው እዚያው ነው።

ምን እናድርግ?

ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ትንሽ ነው። የትም ጤና ተቋም ስትሄዱ፣ መድኃኒት ቤትም ቢሆን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን መጥራት ቢከብዳችሁ አውጥታችሁ አሳዩ። «ይህን እወስዳለሁ፤ ከዚህኛው ጋር ይስማማል ወይ?» በሉ። ሰው እንዳይሰማችሁ ከፈለጋችሁ «ለብቻ ላናግርሽ» ማለት መብታችሁ ነው። ያኔ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ባውቃት ኖሮ እጄ ባልተቃጠለ።

ከማኅበራችን ደግሞ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ በቁጠባ ደብተራችን ልክ የምትታጠፍ ትንሽ ካርድ እንድናሳትም ነው። አባሏ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና የጀመረችበትን ቀን ራሷ ትጽፍባታለች፣ ወይም የምታምናትን ታስጽፋለች። ካርዷ ከደብተሩ ጋር አትያያዝም፤ ደብተሩን የምሰበስበው እኔ ነኝና እኔም ማየት የለብኝም። የምትፈርምባትም የምትቆጣጠራትም ሴት አትኖርም። ሁለት ካርድ ላለን ሴቶች ሁለቱን የምታስታርቅ ሦስተኛ ካርድ ናት።

ሁለተኛው፣ የጤና ኮሚቴያችን የአካባቢያችንን ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲያነጋግር ነው። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» የሚለው ጥያቄ ከመጋረጃ ወዲያ ወረፋ ተሰልፎ ሳለ መጠየቅ የለበትም። ነርሷ ጥያቄውን ጠይቃኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገር ግን እውነት ለመናገር የሚያስችል ቦታ ብናገኝ ብዙዎቻችን እንናገራለን።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ እናንተን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የካርዷን ማሳተሚያና፣ ክትትላቸው ሩቅ ለሆነባቸው እህቶች የትራንስፖርት ወጪ ብትሸፍኑልን ደስ ይለናል። የእያንዳንዱን ብር ደረሰኝ እንደማቀርብላችሁ ታውቃላችሁ።

ልጨርስ። ባለፈው ዓመት ሉፕ ላስገባ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሌላ ናት፤ መጋረጃው ግን ያው ነው፣ ወረፋውም ያው ነው። ካርዴን ከፍታ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት፤ ኪኒኔንም ከፌስታሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እሷም ስሙን አንብባ ጻፈች። ከዚያ በላይ ምንም አልሆነም።

 በግል መጠየቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ከምሳ በኋላ በዚያችው ጥግ ጠረጴዛ አለሁ። የዚህን ወር መዋጮ ያልከፈላችሁም እዚያው ታገኙኛላችሁ።